ስማችንን በእርሳስ አትጻፉት

ለደቡብና ለሰሜን ወሎ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣
ለየከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣
በዚህ መንገድ ለምትመላለሱ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ እንግዳ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ላሊበላ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ መቁጠር ከተውኩ ቆይቷል። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ አልጋ ይዞ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደርሶ አልጋውን እንዳያጣ። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆቴል በር ላይ ቆሞ ለማያውቅ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናትና ልጃቸውን ከአዲስ አበባ ይዤ ተነሣሁ። እናትየው የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤታቸው ወደ መርሳ የሚመለሱ ናቸው፤ ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። በአንድ ቀን እንዳይንገላቱ ደሴ አሳድረን በነጋታው ልንቀጥል፣ ልጅቷ ከሁለት ቀን በፊት ደውላ ሁለት አልጋ ይዛለች። ጠዋት ሐኪሙ ሳያያቸው መሄድ ስላልተቻለ ከከተማ የወጣነው ቀትር ላይ ነው። ጣርማ በር ስንደርስ ጭጋጉ የመኪና መብራት የሚበሳው አልነበረም። በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ተሳቢ መንገዱን አግድሞ ወድቋል። እሱ እስኪነሣ አራት ሰዓት ቆምን። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ዝናቡ አልለቀቀንም። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ እያዘገምኩ ወጥቼ ደሴ የገባሁት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው።

የግቢውን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው ካፖርታቸውን ደርበው ወጥተው ከፈቱልን። እንግዳ ተቀባይዋ ጋቢ ተከናንባ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ደንግጣ ተነሣችና መዝገቡን ገለጠች። ስማችን ነበረ። በእርሳስ ተጽፎ፣ በላጲስ ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሌላ ሰው ስም ሰፍሮበታል። ወረቀቱ ላይ የእርሳሱ ጉድጓድ ቀርቷል፤ መብራቱ ከጎን ሲያርፍበት የልጅቷ ስም ፊደል በፊደል ይነበባል። ልጅቷ ጣቷን በላዩ አስኬደችና «ይኸው እኔ ነኝ» አለች።

«እስከ 2 ሰዓት ጠበቅናችሁ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

እስከ 2 ሰዓት ነው ያለን ሰው አልነበረም። ልጅቷ ስትደውል «እሺ፣ ተይዟል» ተባለች፣ ስልኩ ተዘጋ። ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። መንገድ ላይ ቆመን በነበረበት አራት ሰዓት ውስጥ እኔ እሷ የደወለች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሹፌር ስለሆንኩ እኔ የደወልኩ መስሏት። በእኛም በኩል ጥፋት አለ፤ አልክድም።

የምረቃ ሰሞን ስለነበር ሦስት ሆቴል ዞረን ሁሉም ሞልቷል። ተመልሰን እዚያው ግቢ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ አደርን። ጥበቃው የራሳቸውን ብርድ ልብስና በፔርሙዝ ሻይ አመጡልን፤ ውለታቸውን አልረሳውም። ለእናትየው ዓይን በየተወሰነ ሰዓት የሚደረግ ጠብታ ነበር። ልጅቷ የመኪናውን የጣሪያ መብራት አብርታ፣ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ እጇ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ጠብታውን ስታደርግ አየሁ። የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ነው የወደቀው። እንግዳ ተቀባይዋ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ታለቅስ ነበር። እናትየው በዚያ ሁኔታቸው «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሏት።

እውነትም ምን ታደርግ? በኋላ እንደነገረችኝ አልጋውን የሰጠችው በራሷ ፈቃድ አይደለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ባለቤቱ የራሳቸውን እንግዶች ይዘው መጡ፤ «ያልመጣውን ስጪ» አሉ፤ ሰጠች። ሌሊት በር ላይ የሚቆም ሰው ፊት የምትቆመው ግን እሷ ነች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷ አይደለም፤ ለባለቤቶች ነው።

የናንተን ችግር አላውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አውቃለሁ። አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ሦስት ሆቴል ደውሎ ይይዝና አንዱ ጋ ያድራል፤ ሁለቱ ሲጠብቁት ያነጋሉ። ባዶ ያደረ አልጋ በማግስቱ አይሸጥም፤ የዚያ ሌሊት ገቢ ሄደ ማለት ነው። ሹፌሮችና ደላሎችም «ምናልባት» እያልን አምስት አልጋ ይዘን ሁለት የምንጠቀምበት ጊዜ አለ፤ ይህ ነውራችን ነው። በእርሳስ መጻፍ የጀመራችሁትም ከዚህ የተነሣ መሆኑ ይገባኛል። በሌላው ዓለም ሆቴሎችም ቢሆን ቀብድ ያልተከፈለበትን አልጋ ከማታው 12 ሰዓት በኋላ ለሌላ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ እዚያ እንግዳው ሰዓቱን አውቆት መያዙ ነው። እዚያው የዓለም ልማድ ውስጥ ሌላም ሕግ አለ፤ ቀብድ የተከፈለበት ወይም በባንክ ካርድ ዋስትና የተያዘ አልጋ ግን እንግዳው ቢዘገይም ሌሊቱን ሙሉ ይጠበቅለታል፤ ባይመጣ የአንድ ሌሊት ሒሳብ ይከፍላል። ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ሁለቱም በአንድ «እሺ፣ ተይዟል» ይጠቀለላሉ፤ ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ ሰው ደውሎ አልጋ ሲይዝ «ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» በሉት፤ «ያለ ቀብድ እስከዚህ ሰዓት ነው የምንጠብቀው» በሉት። 12 ሰዓት ይሁን 3 ሰዓት የናንተ ፈንታ ነው፤ ብቻ ተናገሩት። ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ቀብድ ጠይቁት። ድሮ ቀብድ ለመላክ ሰው ባንክ መሰለፍ ነበረበት፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጦ የአንድ ሌሊት ሒሳብ መላክ የደቂቃ ነገር ሆኗል፤ የባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት አለ። ብዙ ቦታ «ቀብድ አያስፈልግም፣ ኑ ብቻ» ትሉናላችሁ። ደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያ «ኑ ብቻ» ነው ሌሊት ላይ በላጲስ የሚጠፋው። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉት፤ እስኪነጋ የእሱ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ እንግዳ ይዞ ቢመጣ እንኳ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያሉት እዚሁ አገር ያደጉ አባቶች ናቸው።

ቀብድ ያልከፈለውን ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ደውሉለት። ወልድያ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሆቴል አውቃለሁ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ልጁ ይደውልልኛል፦ «የት ደረስክ?» «ውጫሌ ነኝ።» «በቃ፣ አልጋችሁ አለ፤ እኔ ሺፍት ልቀይር ነው፣ ለሌሊቱ ልጅ ነግሬዋለሁ፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው።» ይህች ስልክ አንድ ደቂቃ አትሞላም። እንግዶቼ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እፎይ ብለው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እኔም አልቸኩልም። ማታ የድልብን ዳገት ለመውጣት ወይም ሐረጎን ለማለፍ የሚቸኩል ሹፌር ምን እንደሚገጥመው የዚህ አገር ሰው አይነገረውም። አልጋዬን ይወስዱብኛል ብሎ በጭጋግ ውስጥ የሚሮጥ መኪና አለ፤ እኔም ሮጬ አውቃለሁ።

ስለ ሺፍት ካነሣሁ አይቀር፦ ብዙው አልጋ የሚጠፋው በሁለት ሺፍት መካከል ነው። ቀን የተነገረው ሌሊት አይደርስም። «ለማን ነገራችሁ?» ስንባል የነገርነውን ሰው ስም አናውቅም፤ እሱም ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን የሚደርስበትን ሰዓትና ስልኩን የምትጽፉበት ቦታ ቢኖር የሌሊቷ ልጅ አንብባ ትረዳዋለች። የሌሊት ስልክም ያስፈልጋል። በየማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ወይ የባለቤቱ ነው፣ ማታ ይጠፋል፤ ወይ ቀን ብቻ በሚከፈት ቢሮ ውስጥ ያለ የመስመር ስልክ ነው። ከከሚሴ አሥር ጊዜ ደውዬ የማያነሣ ሆቴል «ለምን አልደወላችሁም» ሲለኝ ምን ልመልስለት?

አሁን የሰዓቱንና የቀኑን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው፣ የኛም ልጅ ቢሆን ብዙ ዓመት ከኖረ፣ «በ10 ሰዓት እደርሳለሁ» ሲል የሱ 10 የኛ ማታ 4 ሰዓት ነው። ስልኩን ያነሣው ልጅ «10» ብሎ ይጽፋል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ይጠብቀዋል፤ 12 ሰዓት ላይ ቀረ ብሎ አልጋውን ይሰጥበታል። ሰውየው በነገረው ሰዓት ሲደርስ አልጋ የለም። ሁለቱም አልዋሹም። «በኢትዮጵያ ሰዓት ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር።

የቀኑ ከዚህም ይብሳል። የፈረንጆቹ ቀን የሚቀየረው በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚደርስ ከሆነና የሚደርስበትን ቀን ብቻ አይቶ በኢንተርኔት ከያዘ፣ አልጋው የሚጀምርለት ከነጋ በኋላ ከሰዓት ነው፤ ለዚያች ለሚደርስባት ሌሊት አልጋ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መፍትሔው ያለፈውን ቀን ጨምሮ መያዝ ነው። እኛ ቋንቋችን ውስጥ «አጥቢያ» የምትል ግሩም ቃል አለችን፤ «የ21 አጥቢያ» ስንል የ20ው ማታ የሚያነጋውን ሌሊት ማለታችን ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣ ሰው ከበዓሉ በፊት ያለችውን ሌሊት ማረፊያ ሲፈልግ «ለ21» ይላል፤ መዝገብ ያዡ 21 ማታ ላይ ይጽፍለታል። እስላሙም ወንድሜ «ለጁምዓ ሌሊት» ሲል ሐሙስ ማታን ነው የሚያስበው፤ ሰሚው ዓርብ ማታ ይለዋል። ስለዚህ ስትይዙም ስትመዘግቡም ሌሊቷን በሁለት ጎኗ ጥሯት፦ «ሐሙስ አምሽተን፣ ለዓርብ አጥቢያ።» ከውጭ አቆጣጠር ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለቱንም ቀን ጻፉ።

ሦስት ሌሊት ለያዘ ሰው ሌላ አደጋ አለ። ኮምፒውተር ያላቸው ሆቴሎች ሌሊት ላይ የቀኑን ሒሳብ ሲዘጉ፣ ያልደረሰውን እንግዳ «አልመጣም» ብለው ያልፉታል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ሌሊት ብቻ ሳትሆን የቀሩት ሁለቱም አብረው ሊሰረዙ ይችላሉ። እንግዳው ጠዋት ጎማውን አሠርቶ ሲደርስ ሦስቱም የሉም። ስለዚህ መንገደኛ ሆይ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት መድረስ ባትችል እንኳ ደውለህ «እዘገያለሁ እንጂ አልቀርም፣ የቀሩትን እንዳትነኩ» በል።

ስምም ሰው አልጋ ያሳጣል። በኢንተርኔት ሲያዝ የአባት ስም ፊት ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ሰው የምንፈልገው በራሱ ስም ነው። አንድ ጊዜ ላሊበላ ላይ «ስምህ የለም» ተብሎ የተመለሰ እንግዳዬ ስሙ እዚያው ገጽ ላይ፣ በአባቱ ስም ሥር ነበር። ስልክ ቁጥር ግን አይገለበጥም። በስልክ ቁጥር ፈልጉ።

ላሊበላን ካነሣሁ የገናን በዓል ሳልጠቅስ አላልፍም። ለታኅሣሥ 29 በዓል ከተማው ሲሞላ የተያዘ አልጋን ዋጋ ለጨመረ መስጠት ፈተና እንደሆነ ይገባኛል። ካለው አልጋ በላይ ሰው የያዘ ሆቴልም ይኖራል፤ የሚቀር አይጠፋም ብሎ። ያ ሒሳብ ሲሳሳት ግን ዕዳው የሆቴሉ ነው፣ የእንግዳው አይደለም። በሆቴል ሙያ የታወቀው ልማድ፣ አልጋ የተረጋገጠለትን እንግዳ የመለሰ ሆቴል ሌላ ቦታ ራሱ ፈልጎ፣ እዚያ የሚያድርበትን ሒሳብና የመኪናውን ከፍሎ መሸኘት ነው። ቢያንስ እንግዳውን በር ላይ አቁማችሁ «ሌላ ቦታ ሞክሩ» አትበሉ። በየከተማው ያላችሁ የሌሊት እንግዳ ተቀባዮች የአንዳችሁን ስልክ ሌላችሁ ብትይዙ፣ አምስት ደውላችሁ አንድ አልጋ ታገኛላችሁ፤ እኛ ግን በጨለማ እየዞርን በር ስናንኳኳ እናነጋለን።

የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ለሆቴሎች ሥልጠና ስትሰጡ ስለ አልጋ አነጣጠፍና ስለ ፈገግታ የምታስተምሩትን ያህል ስለ መዝገብ አያያዝም አስተምሩ። በየእንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ወረቀት እንዲለጠፍ አድርጉ፤ ያለ ቀብድ እስከ ስንት ሰዓት ይጠበቃል፣ በቀብድ እስከ ስንት፣ የሌሊት ስልክ ቁጥሩ ስንት ነው። ሦስት መስመር ናት። የተያዘ አልጋ ሲጠፋም እንግዳው አቤት የሚልበት ቁጥር ከሥሩ ይኑር።

ለናንተም ለመንገደኞች፣ ለሹፌሮች ወንድሞቼም። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ በካርታ አትቁጠሩት፤ ጭጋጉም፣ ኬላውም፣ የወደቀው ተሳቢም መንገድ ነው። ስትነሡ ደውሉ። ደብረ ሲና ስትደርሱ ድጋሚ ደውሉ፤ ኔትወርክ አለ። ያነጋገራችሁን ሰው ስሙን ጠይቃችሁ በአጭር መልእክት «እከሌ ጋ ተነጋግረናል፣ ሁለት አልጋ፣ ሌሊት 6 ሰዓት እንደርሳለን» ብላችሁ ላኩ፤ ቃል ሲካድ ጽሑፍ ይመሰክራል። የቀብዱን ደረሰኝ ስልካችሁ ላይ አስቀሩት፤ ስልኩ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። ማን እንደሚደውል መኪና ውስጥ ተስማሙ፤ እኔና ልጅቷ ያላደረግነው ይህንኑ ነው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ደውላችሁ ልቀቁት፤ የናንተ ባዶ አልጋ የሌላ ሰው እናት ማደሪያ ናት።

በዚህ አገር መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባል ነበር። ማንነቱ ሳይጠየቅ፣ ሳይከፍል። እኛ አሁን ስማችንን ነግረን፣ ስልካችንን ሰጥተን፣ ገንዘባችንን ይዘን ነው የምንመጣው።

እናትየው በደኅና መርሳ ገብተዋል፤ ዓይናቸው ድኗል። ለክትትል በመጪው ወር እንደገና ወደ አዲስ አበባ አመጣቸዋለሁ፤ ስንመለስ ደሴ እናድራለን። ያችን ሆቴል አልተውኳትም፤ ባለፈው ሳምንት ደውዬ ለሁለት አልጋ ቀብድ ልላክ ብዬ ጠይቄያለሁ። «ባለቤቱን ጠይቄ እመልስልሃለሁ» ብላኛለች ያችው እንግዳ ተቀባይ። እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግዳ አመላላሽ ሹፌር
ኮምቦልቻ